ሠላሳ ማርክ በአስተርጓሚ

አፌ ፈጣን ነው። ለመኩራራት አይደለም የምናገረው፤ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለሚለኝ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ ስትወለጂ ቀድሞ የወጣው ምላስሽ ነው» ትለኛለች። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄ ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። ሌላ ልጅ ተጠርቶ ትንሽ ከተንተባተበ መልሱን ከኋላ ሹክ እለዋለሁ፤ የእኔ ሹክሹክታ ደግሞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ይሄ አመሌ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አንድ ማርክ አስቀነሰኝ። አንድ ማርክ! ትስቁ ይሆናል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ትምህርት ቤታችን አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነበር። የእንግሊዝኛ ቲቸራችን ዓመቱን በሦስት ከፍለውት ነበር፤ መጀመሪያ ግጥም፣ ከዚያ ድራማ፣ መጨረሻ ላይ ልቦለድ። ግጥም ሲያስተምሩን ከአጥሩ ማዶ ላሜራ የሚቀጠቅጠው ሰውዬ አብሯቸው ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ጭራሽ «ስሙት፣ ምት ማለት ይሄ ነው» ብለው በመዶሻው ልክ ጠረጴዛውን እየመቱ አንድ ገጽ ግጥም አስጠኑን። በማግስቱ መዶሻው ዝም ሲል እኛም ግጥሙ ጠፋብን። ግጥሙ ስለ በረዶ ነበር። እኛ የምናውቀው በረዶ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ግጥሙ ውስጥ ያለው ግን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ ነው። ቲቸር «ምን ተሰማችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እዚያ አገር ቆርቆሮ የለም እንዴ?» አለ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ።

ድራማው ላይ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ይሞትና ዘመዶቹ ሬሳው ፊት በንብረቱ ይጣላሉ። እኔ ሠራተኛዋ ነበርኩ። የተሰጠኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ሻይ ቀርቧል» ማለት። ታዲያ ሻዬን ይዤ ዝም ብዬ ልቆም? ሚስቲቱ ቃሏ ሲጠፋት ነገርኳት፤ ወንድምየው ሲጠፋው ነገርኩት፤ ጠበቃው እንኳን ሳይጠፋበት ነገርኩት። መጨረሻ ላይ የእኔ ተራ ሲደርስ «ሻይ ቀርቧል» ማለቱን ረሳሁት። ክፍሉ ፈረሰ። ሬሳው ሳይቀር ሳቀ፤ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየነው።

ስለዚህ ሬሳ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሱ ነውና።

ልጁ ጎረቤቴ ነው። ከግቢያችን ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የሚዋሰን የጴንጤዎች ጸሎት ቤት አለ፤ አባቱ እዚያ አስተርጓሚ ነው። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ በእንግሊዝኛ ሲሰብክ አባትየው አጠገቡ ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ሕዝቡን አይቶ ካስፈለገም ኦሮምኛ ይደግምበታል። አጥሩ ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለች። በእሷ አጮልቄ አይቻለሁ፤ ሰባኪው እጁን ሲያነሳ እሱም ያነሳል፣ ሰባኪው ላቡን ሲጠርግ እሱም ያልወጣውን ላብ ይጠርጋል። እኔ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምስር እለቅማለሁ ብዬ አጥሩ ሥር እቀመጥና በድምፅ ማጉያው የሚመጣውን እንግሊዝኛ አማርኛው ሳይደርስ ለራሴ እተረጉማለሁ። ጎበዝ የሆንኩት በዚህ ነው። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ ልጇ እንግሊዝኛ የምትማረው ከጴንጤ ስብከት መሆኑን ብትሰማ ጉድ ይፈላል። «ይቺ ልጅ እሁድ ሲሆን ለምስር ያላት ፍቅር!» እያለች ትገረም ነበር እንጂ አልጠረጠረችም።

ልጅየው ግን እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ከናፍሩን አይለያይም። ለድራማው ሬሳ የሆነው ወዶ፣ እጁን አውጥቶ ነው። አስተማሪዎቹ ሁሉ አባቱን ያውቁታል፤ ሲጠሩት ዝም ካለ «የአባትህ ምላስ የት ገባ?» ይሉታል፣ ክፍሉ ይስቃል። አንድ ጊዜ ለምን እንደማይሞክር ጠየቅኩት። «እኔ ስሳሳት የሚሳቀው በእኔ ብቻ አይደለም፤ በእሱም ነው» አለኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰነፍ ሰበብ አያጣም ብዬ አለፍኩት።

ልቦለዱ ላይ ስንደርስ ጣጣ መጣ። ለስልሳ ስድስት ተማሪ የተገኘው አሥራ አንድ መጽሐፍ ነው። ቲቸር በአንድ ለአምስት አደራጁን፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ልጆች ይዞ መጽሐፉን ያነብላቸዋል፣ ያስረዳቸዋል። ከዚያ ሕጉን ነገሩን።

«በመጨረሻው ሳምንት ከየቡድኑ አንድ የስም መጥሪያ ቁጥር ከዚህ ኮፍያ አወጣለሁ። ቁጥሩ የወጣ ተማሪ እዚህ ቆሞ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ይተርካል። ከሠላሳ የሚያገኘው ማርክ የስድስታችሁም ማርክ ነው።»

ሠላሳ ማርክ! ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነኝ። መስኮቱ ጋ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ በአንድ፣ በሁለት ማርክ እየተከተለችኝ አራት ዓመት ሙሉ ተረከዜን ትረግጣለች። አሁን የእኔ አንደኝነት በኮፍያ ውስጥ ገባ። ከኮፍያው ውስጥ ደግሞ ቁጥር ሃምሳ ስምንት አለ፤ የአስተርጓሚው ልጅ። ቡድኔ ውስጥ የመደቡት እግዜር ይይላቸው።

ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰባበረ ዴስክ በተከመረበት እንሰበሰባለን። እኔ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ እነሱ በቆሎ ይበላሉ። መጽሐፉ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። ሰውየው በትንሽ ከተማ ውስጥ ባቡር ባለፈ ቁጥር አረንጓዴ ባንዲራ እያውለበለበ ይሸኛል። ታሪኩን የሚተርከው ልጁ ነው። አባትየው ለባቡር እንጂ ለልጁ ጊዜ የለውም። እኔ ለፈተና የሚሆነውን ብቻ ነው የምይዘው፤ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ጭብጥ፣ ተምሳሌት፣ ቀጥል። ቁጥር ሃምሳ ስምንት ግን ያስቆመኛል።

«ባንዲራውን ማን ነው የሚያጥብለት?»

«ምን?»

«ሚስቱ ሞታለች ብለሻል። በየቀኑ የባቡር ጭስ ይነካዋል። ታዲያ ማን ያጥበዋል?»

«ፈተና ላይ ስለ እጥበት አይመጣም!» ብዬ ጮህኩበት። ዓርብ ሲሆን መጽሐፉን እንዳውሰው ለመነኝ። ሰኞ ሲመልሰው ሽፋኑን በካሌንደር ወረቀት ለብዶት መጣ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ይወስደዋል፣ ሰኞ ሰኞ ይመልሰዋል። እኔ ለአባቱ ያነበበ ለመምሰል ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ያህል ነበር የናቅኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ከእሱ ጋር አየር ጤና የጦር ኃይሎችን ታክሲ ሰልፍ ይዘን ቆምን። ሰልፉ የትየለሌ ነው። ስልቹ ነኝና «በል፣ ቢያንስ በአማርኛ ንገረኝ፤ ምን እንደያዝክ ልይ» አልኩት። ጀመረ። መጀመሪያ መሬት መሬት እያየ ነው፤ ቀስ በቀስ እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ድምፁ ከፍ አለ። ጣቢያውን፣ የጫማውን ቀለም፣ ባንዲራውን ልጁ ራሱ ተደብቆ እንደሚያጥበው ሁሉ ነገረኝ። ለካ መጽሐፉ ውስጥ አለ! ዘልዬው ነው። ከፊታችን ያሉት ሴትዮ ጎመናቸውን እንደታቀፉ ወደ እኛ ዞሩ። ታክሲ መጣ። ወያላው «ግቡ እንጂ!» ይላል፣ ሴትዮዋ «ቆይ ባክህ፣ የታሪኩ ልጅ ከቤት ሊሄድ ነው መሰለኝ» ይሉታል። ከኋላችን የነበሩት እየዘለሉን ገቡ። እኔ፣ እሱና ሴትዮዋ ሁለት ታክሲ አለፈን። «እንዲህ ያለ አንደበት ይዘህ ምን ሆንክ?» አልኩት። ሦስተኛው ሲመጣ ዘሎ ገባ።

የፈተናው ቀን ቲቸር ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ። አሥር ቡድን አለፈ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የቡድኗ ዕጣ ለራሷ ደርሷት ሠላሳ ከሠላሳ አፈሰች፤ አንዳንዱ ሰው ዕድሉ ነው። የእኛ ተራ መጣ። እኔ በሆዴ ሚካኤልን እለምናለሁ።

«ሃምሳ ስምንት!»

ክፍሉ «ውይ!» አለ። ቡድኔ አራቱም ጭንቅላታቸውን ዴስኩ ላይ ደፉ። እሱ ወጣ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። አንድ ደቂቃ ሄደ። ከናፍሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሁለት ደቂቃ። ላሜራ ቀጥቃጩ ብቻ ይሰማል። ቲቸር እስክሪብቷቸውን አነሱ። ዜሮ ሊጽፉ ነው። አንደኝነቴ ዓይኔ እያየ ሊሄድ! መስኮቱ ጋ ያለችውም ፈገግ ስትል አየኋት።

እግሬ መቼ እንደተነሳ አላውቅም።

«ቲቸር! እሱ በአማርኛ ይናገር፣ እኔ ላስተርጉምለት!»

ሳቅ ተነሳ። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ፈተና ነው ወይስ ጉባኤ?»

«ማርኩ የስድስታችንም ነው ብለዋል እኮ። ታሪኩ ከእሱ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ። ሁለታችንም ከስድስቱ ውስጥ ነን።»

«ሕግ ልትማሪ ነው አይደል ሐሳብሽ?» አሉኝ። እሱን አዩት። እንባው ዓይኑ አፋፍ ላይ ነበር። «እሺ፣ ቀጥሉ። ግን እሱ ያለውን ብቻ ነው የምትይው። ከጨመርሽ እቀንሳለሁ።»

በሚስማሯ ቀዳዳ እንዳየሁት ከጎኑ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆምኩ። እሱ ሲያየኝ ልምድ ያለው ቦታ የደረሰ መሰለ፤ ትከሻው ወረደ። «አባቴ የጣቢያ ኃላፊ ነበር» አለ። ተረጎምኩ። «ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሁለቴ ይወለውላል፤ አንዴ ለባቡሩ፣ አንዴ ለራሱ።» እዚህ ላይ አመሌ መጣ። ይቺን የመሰለች አጭር ነገር እንዴት ሠላሳ ማርክ ታመጣለች? ስለዚህ በእንግሊዝኛ፣ ጫማው የሥርዓት ተምሳሌት መሆኑን፣ ደራሲው በዚህ የግዴታንና የብቸኝነትን ጭብጥ እንዳጎላ፣ ሌላም ሌላም አከልኩበት። ሰው ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋ በሚሰማበት ክፍል ማስተርጎም ምን ያህል መጋለጥ እንደሆነ አላሰብኩትም። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

«እሱ ይሄን ሁሉ መቼ አለ?» አሉ ቲቸር። «አንድ ማርክ ቀንሻለሁ።» ጻፉትም፤ እስክሪብቶው ሲጫር ሰማሁ።

አንድ ማርክ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠላሳ ይዛለች። የማርክ ልዩነታችን ስንት እንደሆነ ሳላሰላ አውቀዋለሁ፤ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ እኩል ነበርን። ምላሴን ነክሼ ያለውን ብቻ ማለት ጀመርኩ። እጁን ሲያነሳ አነሳለሁ፣ ዝም ሲል ዝም እላለሁ። ልጁ ባንዲራውን በሳሙና አጥቦ ሳይታይ እንደሚመልሰው አለ፤ አልኩ። አባትየው ባንዲራው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነበትን ምክንያት አንድም ቀን እንዳልጠየቀ አለ፤ አልኩ። ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። መስኮቱ ጋ ያለችው እንኳን አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማለች።

መጨረሻው ላይ ልጁ ሳይሰናበት ከተማውን ለቅቆ ይሄዳል፤ ባቡሩ በአባቱ ጣቢያ ያልፋል፤ በመስኮት አባቱን ያየዋል። ቁጥር ሃምሳ ስምንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ።

«ዕድሜውን ሙሉ ለባቡር ሁሉ አውለበለበ። ያን ቀን ያውለበለበው ለእኔ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀም።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፣ መጽሐፉን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን አላልኩትም። አራት ጊዜ ሳነበው ተምሳሌት ነው ብዬ አስምሬበት ያለፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን አጠገቤ የቆመ ልጅ ሲናገረው ግን ስለ ማን እንደሆነ ገባኝ፤ እሁድ እሁድ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቃል ያለው አባት ትዝ አለኝ። ያ የማይዘጋ አፌ እዚያ ተዘጋ። እሱ ጠበቀኝ። ሲያየኝ ጊዜ እንደማይመጣልኝ ገባውና ራሱ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ቀስ ብሎ፣ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል ሳያጎድል።

ላሜራ ቀጥቃጩም ያኔ ዝም ብሎ ነበር። ቲቸር ፊታቸውን አዙረው ምንም ያልተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አጠፉት። ከዚያ «ሃያ ዘጠኝ» አሉ። «አንዷ የሄደችው በአስተርጓሚዋ ነው።»

ቡድኔ ጨፈረ። እኔ ውጭ ስንወጣ ኮሌታውን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

«እንግሊዝኛ ትችላለህ እንዴ?! ታዲያ ለምን አትናገርም ነበር? ጉድ ሠራኸኝ እኮ!»

«አጠገቤ ሰው ሲቆም ነው የሚመጣልኝ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ደግሞ አንቺ መቼ ፋታ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ።

ካርድ ሲሰጥ በአንድ ማርክ ሁለተኛ ወጣሁ። እናቴ አገላብጣ አየችው። «ማን ቀደመሽ?» አለችኝ። «ምላሴ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ የምታውቀው ሰው ነው።

ካርድ ከተሰጠ በሁለተኛው እሁድ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ እኔ ምስሬን ይዤ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። እናቴም እግሯን ስላመማት በርጩማ ስባ ነጠላዋን እንደለበሰች አጠገቤ አረፍ አለች። ማዶ ከውጭ የመጡ እንግዶች አሉ፤ ድምፅ ማጉያው ያስተጋባል። ዛሬ ግን የሚናገረው አባትየው ነበር፤ ምስክርነት ይሰጣል፣ በአማርኛ። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ደግሞ ቀጠን ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ወዲያው አወቅኩት። ምስሩ ከእጄ ተበተነ።

«ልጄ ክፍሉ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ተናገረ አሉኝ» አለ አባትየው። «አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ አጠገቡ ቆማለት።»

«ማናት እሷ ደግሞ?» አለች እናቴ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ፣ አንገቴን ሰፌዱ ውስጥ ቀብሬ። አየችኝ። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሳደርስ ኖርኩ» አለ አባትየው። ልጁ ተረጎመ። «የራሴን ግን ቤቴ ውስጥ ላለው አላደረስኩም።» ተረጎመ፤ ድምፁ ተሰበረ እንጂ ተረጎመ። «ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ። ይሄንንም ተርጉምልኝ።»

ድምፅ ማጉያው ዝም አለ።

አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ሦስት አራት ቃል ናት፣ አጥሩ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፣ ብጮህ እስከ መድረኩ ይሰማል። ሹክ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ የምስር አቧራ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ቆይ፣ አልኩ ለራሴ፣ ፋታ ስጪው አንቺ ቀዥቃዣ። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አጥሩን ታያለች።

ከዚያ ልጁ ተናገረ። እንደ ደንበኛ አስተርጓሚ፣ በአባቱ ቦታ ሆኖ፣ «እኔ በልጄ ኮርቻለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። ማዶ «ሃሌ ሉያ!» ተባለ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አደረገች። የበርበሬ ብናኝ ገባብኝ ልትል ነበር መሰለኝ፤ በርበሬ ግን አልነበረም።

«አባቱ ያለውን ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ» አልኳት። «ምንም አልጨመረበትም።»